አቡነ ቴዎፍሎስ፡ ከመሬት ወደ ምእመን ኪስ

ስለ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አሟሟታቸው ነው። የሚዘነጋም አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት የገንዘብ ጉዳይ ነው። የፓትርያርክን ሕይወት በሒሳብ በኩል ማየት ለአንዳንድ አንባቢ ነውር ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገር ውስጥም በውጭም ዛሬ የምትተዳደርበት መንገድ የተዘረጋው በእሳቸው ዘመን ነው።

በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው መልእክቱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ጵጵስና ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነው ለሐረርጌ ተመደቡ። አቡነ ባስልዮስ ጤና ሲያጡ ቤተ ክህነቱን በእንደራሴነት መሩ። ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ፤ በአገር ቤት ሲሾም የታየ የመጀመሪያው ፓትርያርክም እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ዋና ገቢ መሬት ነበር። የአገሪቱ መሬት ሲሶው የእሷ ነው የሚለውን አባባል ብዙ አጥኚዎች አይቀበሉትም፤ ብዙ መሬት እንደነበራት ግን አያከራክርም። ካህኑም ዲያቆኑም መሪጌታውም የሚኖረው ከዚያ በሚያገኘው ነበር። ምእመኑ ስለቱን ያስገባል፣ ሙዳየ ምጽዋት ላይ ሳንቲሙን ይጥላል፤ በደብሩ ገንዘብ አስተዳደር ላይ ግን ድምፅ ነበረው ለማለት ያስቸግራል።

በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጣ። ስሙ ከመጥምቁ ዮሐንስ የተወሰደ ነው፤ ውስጡ ሲነበብ ግን ብዙው የአስተዳደርና የሒሳብ ነገር ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ካህናትና ምእመናን የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ ይመርጣል። ምእመኑ በአባልነት ተመዝግቦ በየዓመቱ አስተዋጽኦ ይከፍላል። ገቢና ወጪው ይመዘገባል፤ ከአጥቢያውም ድርሻ እየተነሳ እስከ መንበረ ፓትርያርክ ይደርሳል። እኔም የአባልነት ክፍያዬን ከፍዬ ካርኒ ስቀበል የማስበው እሳቸውን ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወይም ገና እንደሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ተወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። መሬቱም የቤት ኪራዩም ባንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው! ሰበካ ጉባኤው ገና ጨቅላ ነበር። ቢሆንም የካህናቱ ደመወዝ ከዚያ በኋላ የተንጠለጠለው በዋናነት በእሱ ላይ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ትንቢት ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ጆሮ ያለው ሰው ሰምቶ ነበር። የእሳቸው ልዩነት ሰምተው ዝም አለማለታቸው ነው።

ወደ ውጭውም ዓለም እጃቸው ረጅም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኮፕት፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ከፊት ከነበሩት አንዱ ናቸው። በ1962 ዓ.ም. በእንደራሴነት ሳሉ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ የኋላው አቡነ ይስሐቅ፣ ወደ ጃማይካ ተላኩ፤ እዚያም ብዙ ራስ ተፈሪያን አጠመቁ። የልማት ኮሚሽኑም የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደደው ሕዝባችን በዋሽንግተንና በለንደን ቤተ ክርስቲያን ሲተክል ከጉልት የሚያገኘው አልነበረም። ከደመወዙ አዋጣ፣ ኮሚቴ መረጠ፣ አዳራሽ ተከራየ። በየአጥቢያው የምንሰማው የገንዘብ ጭቅጭቅም አብሮ መጣ፤ የሚከፍል ሰው መጠየቁ አይቀርም።

አቡነ ቴዎፍሎስ ነቀፌታ አልነበረባቸውም አልልም። ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነበሩ። ደርግም ይህንኑ ይዞ፣ የንብረት ክስ ጨምሮበት፣ የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረዳቸው። መሬቱን ሁሉ የወሰደ መንግሥት አባቱን በንብረት መክሰሱ ይገርመኛል። እርግጥ ዋናው ቁጣ ሌላ ነበር፤ ጥር ላይ ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾመው ነበር። ከሦስቱ አንዱ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት በእስር ላይ ሳሉ በምስጢር ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. እሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር አረፈ።