ወድቆ የተነሣ ሰው፤ የሳም ሂውስተን ታሪክ

ሳም ሂውስተን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1793 ዓመት በአሜሪካ ቨርጂንያ በሚባል አገር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ልጆቿን ይዛ ወደ ቴነሲ አገር ሄደች። በዚያም ሳም የሱቅ ሥራ ስለ ጠላ ከቤቱ ኰብልሎ ቼሮኪ ወደሚባሉት የአገሩ የጥንት ሰዎች ሄደ። አለቃቸው ኡሉቴካ እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለው፤ ቁራ የሚል የክብር ስምም ተሰጠው።

ካደገ በኋላ ወታደር ኾነ፤ በ1814 ዓመት በጦርነት ክፉኛ ቈሰለ። ከዚያም ሕግ ተምሮ ጠበቃ ኾነ። በ1827 ዓመት የቴነሲ አገረ ገዥ ኾኖ ተመረጠ። ሰውም ኹሉ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ያገኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

በ1829 ዓመት በጥር ወር ኤላይዛ የምትባል ልጅ አገባ። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ እርሷ ትታው ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። እርሱ ምክንያቱን ለሕዝብ አልገለጠም፤ ክፉ ወሬ ግን በአገሩ ኹሉ ተሰማ። ስለዚህ ከኀፍረትና ከኀዘን የተነሣ ሹመቱን ለቀቀ፤ ኡሉቴካ ወደሚኖርበትም ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሸሸ።

በዚያም ኀዘኑን በመጠጥ ሊረሳ ፈለገ። መጠጥ ግን ኀዘንን ይጨምራል እንጂ አያርቅም። በልጅነቱ ቁራ ተብሎ የከበረው ሰው አኹን ትልቁ ሰካራም ተባለ። ቲያና የምትባል ሴትም አግብቶ ነበር፤ በ1832 ዓመት ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ግን እርሷ በዚያው ቀረች።

በዚያን ጊዜ ቴክሳስ የሜክሲኮ ግዛት የኾነ ሰፊ የጠረፍ አገር ነበረ። የቴክሳስ ሰዎች ከሜክሲኮ መንግሥት ጋር በተዋጉ ጊዜ ሂውስተን የጦር አዛዥ ኾነ። በሚያዝያ ወር በ1836 ዓመት በሳን ጃሲንቶ ሜዳ ጠላቱን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ድል አደረገ፤ እርሱም ቍርጭምጭሚቱን በጥይት ተመታ። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ፕሬዚዳንት ኾነ። ነገር ግን ጠላቱን ያሸነፈ ሰው መጠጥን ገና አላሸነፈም ነበር።

በ1839 ዓመት በአላባማ አገር ማርጋሬት ሊ የምትባል ጸሎተኛ ልጅ አየ፤ ወደዳትም። በሚመጣው ዓመት በግንቦት ወር ተጋቡ። እርሷ 21 ዓመት፥ እርሱ 47 ዓመት ኾኗቸው ነበር። ከወዳጆቹ ብዙዎቹ ይህ ጋብቻ ይጸናል ብለው አላመኑም። ማርጋሬት ግን በትዕግሥት መከረችው፤ እርሱም ምክሯን ሰምቶ መጠጥን ተወ። ስምንት ልጆችም ወለዱ። ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመርጦ በዋሽንግተን በተቀመጠ ጊዜ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። በ1854 ዓመት በኅዳር ወር በቴክሳስ በወንዝ ውስጥ ተጠመቀ።

በ1859 ዓመት ደግሞ የቴክሳስ አገረ ገዥ ኾኖ ተመረጠ። በ1861 ዓመት የደቡብ አገሮች የባርነትን ሥርዐት ለመጠበቅ ከአሜሪካ ሲለዩ፥ ቴክሳስም ከእነርሱ ጋር ተለየች። ሂውስተን ራሱ ባሮች ስለ ነበሩት ከዘመኑ በደል ንጹሕ አልነበረም። ነገር ግን አገር እንዲከፈል አልወደደም፤ ለአዲሱ መንግሥት ማሉ ቢሉት እንቢ አለ። ስለዚህም ከሹመቱ ተሻረ።

እነሆ፥ ሂውስተን ሹመቱን ኹለት ጊዜ አጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ከሰው ሸሽቶ ወደ መጠጥ ሄደ፤ በኹለተኛው ጊዜ ግን ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። በሐምሌ ወር በ1863 ዓመት በሀንትስቪል ከተማ ሲሞት ማርጋሬት በአጠገቡ ነበረች። በመጨረሻም የአገሩንና የሚስቱን ስም ጠራ ይባላል።

ልጆች ሆይ፥ ሹመትን ሰው ይሰጣል፥ ሰውም ይወስደዋል። መልካም ምክር ሰምቶ ክፉ ልማዱን የተወ ሰው ግን ሹመቱ ቢወሰድበት እንኳ የሚመለስበት ቤት አያጣም።