አስታራቂው ንጉሥ

አንባቢ ሆይ፥ በካዛንቺስ አጠገብ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ስታልፍ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አስብ። በ1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. በሁለት ወገን ተከፍለው የነበሩትን የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ አዳራሽ አስማሙ። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ሲዋጉ ባማኮ ድረስ ሄደው ከማሊው መሪ ጋር ሸመገሉ፤ ተኩሱም እንዲቆም ተስማሙ። በ1964 ዓ.ም. የሱዳን ተፋላሚዎች በአዲስ አበባ ሲደራደሩ በመካከል ገቡ፤ ደቡቡም ከአገሩ ሳይለይ የራሱን አስተዳደር አገኘ።

ነገር ግን የኤርትራን የፌዴሬሽን ውል በ1955 ዓ.ም. አፈረሱ፤ በዚያ የነደደውም ጦርነት እርሳቸው በ1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። እንግዲህ የጎረቤትን ጠብ የምታበርድ ሆይ፥ በገዛ ቤትህ ለወንድምህ የገባኸውን ውል አስቀድመህ ጠብቅ።