ማሪ ስቶፕስ ማን ነበረች?

ስሙ ለሁላችንም አዲስ አይደለም። በአገራችን ከተሞች ለብዙ ዓመታት በክሊኒክ በር ላይ ተጽፎ አይተነዋል። ታዲያ ማሪ ስቶፕስ መድኃኒት ናት ወይስ ሰው ብለን ብንጠያየቅ መልሱን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የሕይወት ታሪኳን ባጭሩ እናቀርባለን።

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1880 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ተወለደች። እናቷ የሼክስፒርን ሥራዎች የምትመረምርና ለሴቶች መብት የምትከራከር ምሁር ነበረች። ማሪ ግን ወደ ሳይንሱ አዘነበለች። በለንደን ስለ ዕፀዋትና ስለ ሥነ ምድር ተምራ በ1904 ጀርመን አገር ሙኒክ ላይ የዶክትሬት ዲግሪ ያዘች። በዚያው ዓመት ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሳይንስ ክፍሉ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት ሆነች። ልብ በሉ፤ ከሁሉ በፊት የእኛው ሙያ ባልደረባ ነበረች ማለት ነው። በ1919 ለድንጋይ ከሰል ዓይነቶች ያወጣቻቸው ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ከዕፀዋት ምርምር ወደ ቤተሰብ ጉዳይ የመለሳት የራሷ ችግር ነው። በ1911 አግብታ ትዳሩ ሳይሰምር ቀረና በ1916 በፍርድ ፈረሰ። ይህን ሁሉ የተማረች ሴት ስለ ባልና ሚስት ኑሮ የሚነግራት ሰው አላገኘችም! በ1918 ስለ ትዳር ፍቅር ግልጥልጥ አድርጋ የጻፈችው መጽሐፍ እንደወጣ ተሸጦ ደጋግሞ ታተመ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው ጎረፈ። በየዓመቱ መውለድ ያደከማቸው፣ ልጆቻቸውን የሚያበሉት ያጡ እናቶች ምን እናድርግ እያሉ ይጽፉላት ጀመር።

ያን ጊዜ በእንግሊዝ የወሊድ መከላከያ በሕግ ባይከለከልም ነገሩ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ብዙ ሐኪሞች አፋቸውን አይከፍቱም። ፅንስ ማስወረድ ግን በ1861 በወጣው ሕግ ከባድ ወንጀል ነበር። ማሪና ሁለተኛው ባሏ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1921 በሰሜን ለንደን የሠራተኞች ሰፈር የአገሪቱን የመጀመሪያ የወሊድ መከላከያ ክሊኒክ ከፈቱ። ምክሩ በነፃ ነው፤ ተቀብለው የሚያስተናግዱትም አዋላጆች ነበሩ። አንድ ሐኪም በድሆች ላይ ሙከራ ታካሂዳለች ብሎ ቢጽፍባት ከሰሰችው። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲጓዝ ቆይቶ በ1924 በመጨረሻው ችሎት ተረታች። ይሁንና ጋዜጣው ሁሉ ስለ ክሱ ሲያወራ ስለ ክሊኒኩ ያልሰማ ሰው አልቀረም።

አሁን ደግሞ ጥፋቷን እንናገር። የሰው ልጅ ታሪክ በምስጋና ብቻ ከተጻፈ ታሪክ አይሆንም። ማሪ ድሆችና ሕሙማን መውለድ የለባቸውም፣ ዘር መመረጥ አለበት የሚለውን ክፉ አስተሳሰብ ታራምድ ነበር። አንድ ልጇ መነጽር የምታደርግ ሴት ቢያገባ ዓይነ ደካማ ዘር ይመጣል ብላ ተቀየመችው። ፅንስ ማስወረድንም አጥብቃ ትቃወም ነበር። በ1958 ስትሞት የእንግሊዝ የውርጃ ሕግ ገና አልተሻሻለም፤ የተሻሻለው በ1967 ነው። ስሟን የያዘው ድርጅት በ1976 ተቋቁሞ በ1990 ወደ አገራችን ገባ። በ2020 ግን በዚሁ አስተሳሰቧ ምክንያት ስሟን ከመጠሪያው አነሳ።

ወደ እኛው አገር እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውርጃን የፈቀደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር፤ ያውም ሁለት ሐኪሞች ሲስማሙ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ክልከላውን በመሠረቱ ጠብቆ በአንቀጽ 551 በሩን ሰፋ አደረገው። እርግዝናው በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም በሕመሟ ልጅ ለማሳደግ ካልበቃች በሕክምና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም። ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል ይበቃል። የወሊድ መከላከያ በበኩሉ ጤና ኬላ ድረስ ወርዷል። በአገሪቱ ከባለትዳር ሴቶች መካከል የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 36 ደርሰዋል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ነገ ተመርቀን ጎብዬ፣ ሮቢት ወይም ቆቦ ዙሪያ እንመደብ ይሆናል። ማሽላ ሲደርስ አንዷ ተማሪ ለአጨዳ ትቀራለች፣ በጥር ሌላዋ ለሠርግ። አንዷ ደግሞ ለማንም ሳትናገር ትጠፋለች። ይቺ የመጨረሻዋ ሥር ቅጠል ወደሚሰጥ ሰው ከመሄዷ በፊት የምታገኘው የተማረ ሰው እኛው ልንሆን እንችላለን። በየእምነታችን ስለ ውርጃ ልንለያይ እንችላለን፤ ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ መምራትና ሕጉን ማወቅ ግን ልዩነት የለውም። ከማሪ ስቶፕስ የምንወስደው የዘር ምርጫዋን አይደለም። የምንወስደው ለምትጠይቅ ሴት መልስ መስጠቷን ነው።