ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በሕመማቸው ዘመን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የሙያ ባልደረቦች ሁሉ ያውቁታል። የዚህ ጎዳና የመጀመሪያ ክፍል፣ ይኸውም እስከ አዲስ ዓለም ድረስ ያለው ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኢትዮጵያ በዘመናዊ የምሕንድስና ዘዴ ከተሠሩት መንገዶች ከቀዳሚዎቹ የሚቈጠር ነው። ያሠሩት ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ናቸው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ድልና ስለ ሥልጣኔ ሥራቸው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሕመማቸው የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። ዳሩ ግን ያ ሕመም ሰውየው ገና በሥራ ላይ ሳሉ፣ እርጅና ሳይጫናቸው የጀመረ፣ የአገርንም አስተዳደር ሰባት ዓመት ያህል ያናወጠ በመሆኑ ራሱን ችሎ ሊታይ የሚገባው ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ በአጼ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ከአሥር ዓመት ገደማ ቈይታ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ምዕራቡን፣ ዛሬ ምዕራብ ሸዋ የምንለውን ጭምር፣ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር አማካይነት በግዛታቸው ሥር አስገቡ፤ ይህም ያለ ደም እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው።

አዲስ ዓለም የተቈረቈረችው ከአድዋ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን እንጨት ወዳልጠፋበት ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አሰቡ። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፤ መንገዱም በኢጣሊያውያን መሐንዲሶች መሪነት ተቀየሰ። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሕንፃ ቆሞ ነበርና ዝውውሩ ከባድ ኪሳራ መሆኑ ታየ። በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ የእንጨቱን ችግር አቃለለው። አሳቡም ተተወ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። መንገዱ ግን ቀረ፤ እንጨቱን ወደ አዲስ አበባ ለማመላለስም ጠቀመ። ለመንገድ ሥራ የመጣውን፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለውን የእንፋሎት መዳመጫ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እስከ ቅርብ ትውልድ ድረስ ነበሩ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሰውየው ጠባይ በግልጽ ይታያል። ምኒልክ ከንጋት በፊት ተነሥተው የየጠቅላይ ግዛቱን ወሬ ያዳምጡ፣ ደብዳቤ ያስጽፉ፣ ዳኝነት ይሰጡ፣ ከዚያም ወደ ሥራው ቦታ ወርደው መሣሪያ ይመረምሩ ነበር። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያገለግላቸው ያየው ይህንኑ ነው። የውጭ ጉዳይ፣ የባቡር ሐዲድ ውል፣ የባንክ ምሥረታ፣ የርስት ክርክር ሁሉም በእሳቸው አእምሮ ውስጥ ያልፋል። አንድ ሙያተኛ እንዲህ ያለውን መዋቅር ቢመለከት፣ ጣሪያው በሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ መቆሙ ያሳስበው ነበር።

በ1898 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ወራሽ ይሆናሉ ተብለው የሚታሰቡት ራስ መኰንን ሞቱ። የመጀመሪያው የአንጎል ምት ምኒልክን ያገኛቸው በዚያው ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ያህል ነበር። ለጊዜው ተሻላቸው። በ1900 ዓ.ም. ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ አካላቸውም እየደከመ ሄደ። በ1901 ዓ.ም. ጠበል ፍለጋ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተጓዙ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ከባድ ምት ግን አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውንም ያዘው። በእነዚህ ምቶች መካከል አእምሯቸው አንዳንድ ቀን ጠርቶ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተጋርዶ ይታይ ነበር።

የሕመሙ አካሄድ ልብ ሊባል ይገባዋል። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም እንደ ተዳፋት ቀስ እያለ ይወርዳል። ከአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደረጃ ነው፤ በሽተኛው አንድ ምት በተመታ ቊጥር አንድ እርከን ይወርዳል፣ እዚያው ጥቂት ይቈያል፣ ከዚያም እንደ ገና ይወርዳል። የምኒልክ ታሪክ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በዘመኑ የተነገረው ሌላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ጠጥተዋል የሚል ክስ ከአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ተነሥቶ ብዙ ሁከት ፈጠረ። የአባለ ዘር በሽታ ነው የሚሉም ነበሩ። መርዝ ግን ዓመታት እየቈየ በየተራ አንድ ወገን አካል አያሽመደምድም፤ ክሱ ከሕክምና ይልቅ የቤተ መንግሥቱን ፉክክር የሚያሳይ ይመስላል። ለዚህ ዓይነት ምት ዋነኛው መንሥኤ የደም ግፊት መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ግፊትን በክንድ ላይ በሚጠመጠም ጨርቅ የሚለካውን መሣሪያ ኢጣሊያዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ያስታወቀው በ1889 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያና ኢትዮጵያ የሰላም ውል በተፈራረሙበት ዓመት ነበር። ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የመለካቱን ዘዴ የገለጸው ደግሞ በ1898 ዓ.ም.፣ ልክ ምኒልክ በታመሙበት ሰሞን ነው። ግፊቱን በእርግጥ የሚያወርድ መድኃኒት እስኪገኝ ግን ገና ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር። ዛሬ በአምቦም በጉደርም ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ተራ መሣሪያ ያን ጊዜ ለንጉሠ ነገሥት እንኳ አልደረሰም።

ከ65 ዓመት በፊት ስለሚጀምር የመርሳት ሕመም ለረጅም ጊዜ የታሰበው የዘር ጉዳይ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታንያ ከ350,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ የወጣ ጥናት ይህን አሳብ አስፍቶታል። በዘር የሚተላለፈው ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ የአንጎል ምት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የመስማት ችግር፣ ከሰው ተነጥሎ መኖርና ከመጠን ያለፈ መጠጥ ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ትምህርት ማነስና ድህነትም ከእነዚሁ ጋር ተቈጥረዋል። ከዝርዝሩ የመስማት ችግር መገኘቱ ብዙዎችን ያስገርም ይሆናል፤ በወፍጮና በድንጋይ መፍጫ መሣሪያ አጠገብ ጆሮውን ሳይሸፍን ለሚውል የሥራ ባልደረባ ግን ቀላል ዜና አይደለም። መያያዝ መንሥኤ መሆን እንዳይደለ አጥኚዎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

ምኒልክ ሕመማቸውን የተረዱት ይመስላል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ገና አሥራ አራት ዓመት የሆናቸውን ልጅ ኢያሱን፣ ወራሽ አድርገው አሳወጁ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። ሁለቱም ሥራዎች የተሠሩት ከመጀመሪያው ምት በኋላ፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ጠባብ ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ሥር ሳይሰድ አንደበታቸው ተዘጋ። እቴጌ ጣይቱ ባለቤታቸውን እያስታመሙ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው ያዙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ።

እቴጌይቱን በሥልጣን ፍቅር ብቻ መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ሚዛን የጐደለው ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1919 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በአንጎል ምት ሲወድቁ፣ የትኛው ወረቀት ለበሽተኛው እንደሚቀርብ የምትመርጠው ሚስታቸው ነበረች። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1922 በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ተመታ፤ በተከታዩ ዓመት አንደበቱን አጣ፤ ጓዶቹም በአልጋው ዙሪያ ተሻኰቱ። አሜሪካ ራሷ የመሪ አቅም ማጣትን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ጣይቱ የሚመሩበት ሕግ አልነበረም፤ የነበራቸው በሽተኛ ባልና በሩን የከበበ መኳንንት ነው።

ምኒልክ ከጥቅምት 1902 ዓ.ም. በኋላ አራት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቈዩ። በእነዚህ ዓመታት ሕያው መሆናቸው እንኳ በየገበያው ያከራክር ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸው ግን በይፋ ሳይታወጅ ቀረ። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። የምኒልክ ዐፅም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ወደ በአታ ለማርያም ተዛወረ። በሆለታ ገነት የነበረው ቤተ መንግሥታቸው በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ሆነ፤ የአዲስ ዓለሙም እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።