ፓውል ኤርሊኽ፦ መድኃኒት ዒላማውን ብቻ እንዲመታ የደከሙት ሐኪም

እአአ በ1910 ለሐኪሞች የቀረበው አዲሱ የቂጥኝ መድኃኒት በታሸገ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቢጫ ዱቄት ነበር። አየር ሲነካው ይበላሻል፤ ለመሟሟትም አስቸጋሪ ነው። ሐኪሙ በብዙ ንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ አሲድነቱን አስተካክሎ በደም ሥር መስጠት ነበረበት። በዝግጅቱ ላይ የምትፈጠር ስሕተት የሕመምተኛውን ሕይወት አደጋ ላይ ትጥል ነበር።

ከመድኃኒቱ ጀርባ የነበሩት ፓውል ኤርሊኽ በ1854 የተወለዱት በያኔዋ ፕሩሺያ፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ነው። ገና የሕክምና ተማሪ ሳሉ ልባቸውን የማረከው የማቅለሚያ ኬሚካል ነበር። አንዳንዱ ቀለም አንድን ዓይነት ሕዋስ ብቻ መርጦ ይይዛል። ታዲያ መርዝስ ጤናማውን አካል አልፎ የበሽታውን ተሕዋስ ብቻ መምታት አይችልምን? ይህን ሐሳብ አስማታዊ ጥይት አሉት።

ጥያቄው ምሥራቅ አፍሪካንም ይነካ ነበር። በ1906 እና 1907 ሮበርት ኮኽ በቪክቶሪያ ሐይቅ የሴሴ ደሴቶች የእንቅልፍ በሽታ ሕሙማንን አቶክሲል በተባለ የአርሴኒክ ውሕድ አከሙ፤ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸው ጠፋ። ኤርሊኽና የኬሚስትሪ ባለሙያው አልፍሬድ በርትሃይም የአቶክሲልን ትክክለኛ አወቃቀር ለይተው፣ ጉዳቱ የሚቀንስ ውሕድ ፍለጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሕዶችን መረመሩ። በ1909 ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ቁጥር 606 የተሰጠው ውሕድ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥንቸሎች እንደሚፈውስ አሳዩ። ሳልቫርሳን ተብሎ ለገበያ የበቃው ይኸው ነው።

በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤርሊኽ በዚህ አልረኩም። በ1912 በቀላሉ የሚሟሟውን ኒዮሳልቫርሳንን አቀረቡ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የገደላቸውና የጎዳቸው ሰዎች ጉዳይ የከረረ ውግዘት አስነሣባቸው፤ በ1914 ፍርድ ቤት ቀርበው እስከ መመስከር ደረሱ። በተከታዩ ዓመት በ61 ዓመታቸው አረፉ።

ተሕዋስን የሚገድል ውሕድ ማግኘት የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ሕይወታቸው አሳይቷል፤ ቀሪው ግማሽ ሳይጎዳ ማድረስ ነው። ካላ-አዛርን የሚያክመው አምፎቴሪሲን ቢ ለዚህ ምስክር ነው። በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በቀድሞ ይዘቱ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳ ነበር። ዛሬ ከ100 ናኖሜትር ባነሱ፣ ሊፖዞም በተባሉ የስብ እንክብሎች ውስጥ ይታቀፋል። እንክብሎቹን የጉበትና የጣፊያ በላዔ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ተሕዋሱም የሚሸሸገው እዚያው ነው። በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ ኤችአይቪ ለተደረበባቸው የካላ-አዛር ሕሙማን፣ ይህ መድኃኒት ከሕክምናው ዋነኛ ክፍሎች አንዱ ነው።

ዛሬም ግን በደም ሥር መሰጠትና ከሙቀት መጠበቅ አለበት። ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ በረሃው የከረረ በሆነበት ቆላ ለሚኖር ሕመምተኛ፣ የኤርሊኽ ጥያቄ ገና ሙሉ መልስ አላገኘም።