ሊዮናርድ ኦይለርና ያልተከፈለው ቁጥር

ሊዮናርድ ኦይለር በ1707 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበሩ ልጃቸው የእርሳቸውን ሥራ እንዲወርስ ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን ዮሐን በርኑሊ የተባሉት ስመ ጥሩ መምህር የልጁን ተሰጥዎ ተመልክተው ለሒሳብ ትምህርት እንዲተዉት አባቱን አግባቡ። ኦይለርም በ1727 ወደ ሩሲያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ገባ።

ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው የፈረንሳይ ሊቅ ፌርማ 5፥ 17፥ 257ና 65,537 የተባሉትን ቁጥሮች ተመልክቶ ነበር። ከአንዱ ላይ 1 ቀንሶ፥ የቀረውን በራሱ አባዝቶ፥ 1 ሲጨምሩበት ተከታዩ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ስለዚህ ፌርማ ቀጥሎ የሚመጣው 4,294,967,297ም እንዲሁ ነው ብሎ አመነ። ኦይለር ግን በ1732፥ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ይህ ቁጥር የ641ና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ።

በ1741 ወደ በርሊን ተዛውሮ 25 ዓመት ከሠራ በኋላ በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። የቀኝ ዓይኑ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላ የግራውም ጨለመበት። በ1771 ቤቱ በእሳት ተቃጠለ። እርሱ ግን በቃል እየተናገረ ልጆቹንና ደቀ መዛሙርቱን እያስጻፈ ሥራውን ቀጠለ።

በ1772 ደግሞ ስለ 2,147,483,647 የደረሰበትን ገለጸ። ይህ ቁጥር የ31 ሁለቶች ብዜት 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው። መርሴን የተባለው መነኩሴ በ1644 ባወጣው ዝርዝር ብቸኛ ብሎት ነበር። ይህን ለመመርመር ከ46,341 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይበቃል፤ እነርሱም ከ4,000 ይበልጣሉ። ኦይለር ግን አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ሊተርፈው ግድ መሆኑን አስረዳ። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 400 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነርሱም ብቸኞቹን ብቻ መፈተን ይበቃል። ቢፈተኑ አንድም አካፋይ አልተገኘም፤ የመርሴን ቃል ጸና። በዚያው ዝርዝር ብቸኛ የተባለው የ67 ሁለቶች ብዜት 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ቁጥር ግን ብቸኛ አለመሆኑን ሉካስ በ1876 አረጋገጠ።

ኦይለር በሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 በ76 ዓመቱ በሴንት ፒተርስበርግ ዐረፈ። የአንዱን ሊቅ ቃል ሲያፈርስ የሌላውን ያጸናው በስማቸው መዝኖ አይደለም፤ ሁለቱንም በማካፈል ፈትኖ ነው። እኛ መምህራን ይህን ለማስተማር ብዙ መሣሪያ አያሻንም። ማካፈልን የተማረ ልጅ 4,294,967,297ን ለ641 ሊያካፍል ይችላል። መጀመሪያ የፌርማን ታላቅነት እንንገረው፤ ከዚያ በኋላ ጠመኔውን በእጁ እንስጠው።