ሩዶልፍ ዲዝል፤ የናፍጣ ሞተር አባት

ዲዝል የሚለውን ቃል በከተማችን በወለንጪቲ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል። ከአዳማ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ጐዳና በመካከላችን ስለሚያልፍ ቦቴውና ተሳቢው ቀንም ሌሊትም ሲያጓራ እንሰማለን። ነገር ግን ዲዝል አስቀድሞ የሰው ስም እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛ ነዳጁን ናፍጣ ብለን ስለምንጠራው ሰውየው ይበልጥ ተረስቷል። ስለዚህ የዚህን ሊቅ ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድሁ። በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካላመለከትሁ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል በማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ጀርመናውያን ሲሆኑ አባቱ ቆዳ እየሠራ መጽሐፍም እየጠረዘ የሚኖር የእጅ ሙያተኛ ነበረ። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከፓሪስ ወጥቶ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በዚያም ችግር ስለ በረታባቸው የ12 ዓመቱን ልጅ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ አውግስቡርግ ከተማ፣ የሒሳብ መምህር ወደ ነበረ ዘመዳቸው ሰደዱት። ልጁ በስደት መካከል ትምህርቱን አልተወም። በኋላም በሙኒክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ሊጨርስ ሲል ታይፎይድ ስለ ያዘው የመጨረሻው ፈተና አለፈው፤ ቢሆንም በ1880 ተፈትኖ እጅግ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ።

በዚያ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ መኪና ሊቅ የሆነው ካርል ፎን ሊንደ መምህሩ ነበረ። የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ 10 እጅ ያኽል ወይም ከዚያ ያነሰ መሆኑን ከእርሱ ተማረ። የቀረው ሁሉ በከንቱ ይባክናል። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት ከዲዝል አእምሮ አልወጣም። ነዳጅ የማያባክን፣ አናጢውና ሸማኔው በትንሽ ሱቁ ውስጥ ሊያኖረው የሚችል ሞተር ቢገኝ ድኻው ሙያተኛ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ጋር ለመወዳደር ይችላል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ዘዴው እንዲህ ነው። የቢስክሌት ጐማ የነፋ ተማሪ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ ሲግል በእጁ ዳስሶ ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ከሠራው ሞተር የመጣው የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ያምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ቤንዚን ቶሎ የሚነድ ስለ ሆነ ብዙ ቢያምቁት ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ዲዝል ግን አየሩን ብቻ አብዝቶ ማመቅን መረጠ፤ አየሩ እንደ ምድጃ ከጋለ በኋላ ነዳጁ ሲገባበት ያለ ካንዴላ ራሱ ይቃጠላል።

በ1893 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካና ክሩፕም ገንዘብ ሰጡት። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በፍንዳታ ተፈጸመ፤ የግፊት መለኪያው ተሰባበረ። በ1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያኽል ብቻ በራሱ ዞረ። በፌብሩዋሪ 1897 ግን ፕሮፌሰር ሽሮተር ሲመረምሩት የ20 ፈረስ ጉልበት እየሰጠ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ ያኽሉን ወደ ሥራ ለወጠ። በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ከዚህ ዐይነት ሞተሮች አንዱ በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ።

ይህ ነገር ዛሬ እኛን የሚነካው በኪሳችን ነው። አገራችን ነዳጅዋን ሁሉ ከውጭ ትገዛለች፤ የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ጥሬውን የምታጣራበት ቦታ እንኳ የላትም። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ሰኔ ማለቂያ መንግሥት ድጐማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ የናፍጣው 49 ብር ከ2 ሳንቲም ሆነ። በ2017 ታኅሣሥ ማለቂያ ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ገባ። ዋጋው ይህን ያኽል ከተቀራረበ ናፍጣ የሚረክሰው በማደያው ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የበለጠ ኀይል ይዟል፣ ሞተሩም የሚያባክነው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሽንኩርትና ጤፍ ጭኖ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ናፍጣ ይሻለዋል። ከቤት ወደ ገበያ ብቻ ለሚመላለስ አውቶሞቢል ግን የሞተሩ መግዣና መጠገኛ ውድ ስለ ሆነ ትርፉ አጠራጣሪ ነው፤ ጢሱም ለሳንባ አይበጅም።

ወደ ዲዝል እንመለስ። ዝናው ሲገን ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ በሙኒክም ትልቅ ቤት ሠራ። የመኪናን ሒሳብ አጥርቶ የሚያውቀው ሰው የቤቱን ሒሳብ ግን አላወቀበትም፤ መሬት እየገዛና እየከሰረ፣ በፈጠራ መብቱም እየተከራከረ ጤናውና ሀብቱ አለቀ። በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፐን ወደ እንግሊዝ አገር ለመሻገር ድሬስደን በምትባል መርከብ ተሳፈረ። ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ራት በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጧት ሲፈለግ አልጋው አልተተኛበትም። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ላይ ተገኙ። ከ10 ቀን ያኽል በኋላ የሆላንድ መርከበኞች ከባሕር ካገኙት ሬሳ ላይ የተወሰዱትን ዕቃዎች ልጁ አይቶ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ራሱን ጥሎ ይሁን ወይም ሌላ ነገር አግኝቶት እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር የለም።

በእርሱ ዘመን ሞተሩ እጅግ ከባድ ነበረ፤ ነዳጁን በታመቀ አየር የሚነፋ ሌላ መኪና አብሮት መኖር ነበረበትና። ስለዚህ ለመርከብና ለፋብሪካ እንጂ ለመንገድ አልተመቸም፤ ለድኻው አናጢም ሱቅ አልገባም። በናፍጣ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች የወጡት እርሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በ1923 እና በ1924 ነው። በ1927 ቦሽ ነዳጁን ያለ አየር በኀይል የሚረጭ ትንሽ ፖምፓ ለገበያ አቀረበ፤ በአሰብ መንገድ የተመላለሱት ፊያቶች ሁሉ ይህን መሰል ፖምፓ የያዙ ነበሩ። ፖምፓው ለፀጕር እንኳ ክፍተት የሌለው ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ ቶሎ ይገድለዋል። ሾፌሮች ጧት ከመነሣታቸው በፊት ከፊልትሮው ሥር ጥቂት ናፍጣ በጣሳ ቀድተው ውሃ እንዳለበት የሚመለከቱትም ስለዚህ ነው።